ግልጽ ደብዳቤ፦ የመረጥኩትን ፓርቲ ሰልፈኛው ሁሉ ለምን ይስማ?

ለምርጫ አስተዳደር ዋና ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ዓይነ ስውር መራጭ ነኝ። አቤቱታዬን በወጉ በጽሑፍ አስገብቼ ነበር። «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን የሚያነሳው ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ይመራኛል። ስለዚህ ዛሬ ሰው ሁሉ እያየ እጽፍልዎታለሁ።

የምርጫው ዕለት ልጄ እጄን ይዛ ምርጫ ጣቢያ አስገባችኝ። አስፈጻሚው «እሷ እዚህ ትቁም፣ እኔ እሞላልዎታለሁ» አለኝ። የማምነው እሷን ነው አልኩት። «አይቻልም» አለ። ወረቀቱን ሰልፉ ፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ማንን ነው የሚመርጡት?» አለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። እሱ ግን የፓርቲውን ስም ጮክ ብሎ ደገመው። የፓርቲ ወኪሎች አጠገባችን ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቼ ከኋላዬ ተሰልፈዋል። አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ልጄ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጠኝ። ኮሮጆው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ምልክቱ ማን ላይ እንዳረፈ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከምንም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰውዬው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል። ግን ሌላው መራጭ የራሱን ምልክት በራሱ እጅ ሲያደርግ፣ እኔ ብቻ የማላውቀውን ሰው አምኜ እንድወጣ ለምን ይፈረድብኛል?

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ ምርጫ በሚስጥር ድምፅ እንዲሆን የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ አንቀጽ 29 ላይ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። አካል ጉዳተኛው ድምፁን በሚስጥር ይሰጣል። እርዳታ ካስፈለገው፣ እሱ ሲጠይቅ፣ እሱ ራሱ በመረጠው ሰው ይረዳል። እኔ ጠይቄ ነበር። ሰውም መርጬ ነበር።

በስልክ ካናገሩኝ አንዱ «ለእናንተ የተለየ ወረቀት ማተም በጀት ይጠይቃል» ብሎኛል። የተለየ ወረቀት ማን ጠየቀ? ድምፅ መስጫ ወረቀቱን የሚይዝ የካርቶን ማቀፊያ ይበቃል። በእያንዳንዱ ዕጩ ትይዩ ቀዳዳ አለው። ከቀዳዳው አጠገብ በጣት የሚዳሰስ ምልክት ይደረጋል። ብሬይል የማያነብም ሰው ምልክቱን ዳስሶ፣ ቆጥሮ፣ በራሱ እጅ ይመርጣል። ወረቀቱ ከማቀፊያው ሲወጣ ከሌላው ሰው ወረቀት በምንም አይለይም። ጋና እ.ኤ.አ. በ2004 ምርጫዋ ተጠቅማበታለች።

ማቀፊያው ለሚቀጥለው ምርጫ በየጣቢያው ይድረስ። የመረጥነውን ረዳት ይዘን የመግባት መብታችንም በአስፈጻሚዎች መመሪያ ላይ ይጻፍ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር በጽሑፍ ይመልሱልኝ። ያ አስፈጻሚ ልጄን ያስቆማት በስልጠና እንዲያ ተብሎ ነው ወይስ በራሱ ፈቃድ?