የካሉብ ጋዝ ለመብራት አይባክን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም ሥራ መጀመሩ ከተበሰረ ወዲህ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ሐሳብ ይነሳል። «በጋዙ ኤሌክትሪክ እናመንጭና ከመብራት መቆራረጥ እንገላገል» ይባላል። ሐሳቡ ከቅን ልብ እንደሚመነጭ አልጠራጠርም። እኔ ግን አልስማማም።

የምኖረው አዳማ ነው። ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚሁ አጠገባችን ናቸው፤ አቅማቸው ሲደመር 204 ሜጋ ዋት ነው። የቆቃ ግድብም ሩቅ አይደለም። እንዲያም ሆኖ መብራት ይሄዳል። የበዓል ዋዜማን አስቡ። ሁሉም ቤት ምጣድ ይጣዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ድሮ ለጥቂት ቤቶች ተብሎ የተተከለው ትራንስፎርመር ዛሬ ፎቁም፣ ወፍጮውም፣ ብየዳ ቤቱም ተጨምሮበታል። በመጨረሻ ይቃጠላል። ሌላ ቀን ደግሞ ከመስመሩ ሦስት ፌዞች (ኃይል ተሸካሚ ሽቦዎች) አንዱ ይጠፋል፣ ወይም ያረጀ የእንጨት ምሰሶ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግድቡ ውስጥ ውኃ አለ፣ ተርባይኑም ይዞራል። የደከመው ኃይሉን እስከ ቤታችን የሚያደርሰው መስመር ነው። ሶማሌ ክልል ላይ ጋዝ ስለነደደ የሰፈራችን ትራንስፎርመር አይጠነክርም።

«ድርቅ ቢመጣስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2001 ዓ.ም መብራት በፈረቃ እንደነበር አንረሳም። ዛሬ ግን ሕዳሴ አለን፤ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ። ዝናብ ያነሰበትን ዓመት ለመሻገር ትልቅ ስንቅ ነው። ነፋሱም የሚበረታው ዝናብ በሌለበት በበጋው ወቅት ስለሆነ ውኃውን ያግዛል።

ጋዝ ንጹሕ ነዳጅ ነው የሚባለውም ነገር መታየት አለበት። ንጽሕናው የሚለካው በምን ቦታ እንደገባ ነው። በጋዝ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማመንጨት፣ ዘመናዊ በሚባለው ጣቢያ እንኳ 400 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የድንጋይ ከሰል እጥፍ ያህል ይለቃል። አሜሪካ ከሰሉን በጋዝ ስትተካ ልቀቷ የቀነሰው ለዚህ ነው። እኛ ግን ከ90 በመቶ በላይ ኤሌክትሪካችንን የምናገኘው ከውኃ ነው። በጋዝ እናመንጭ ስንል ያልነበረብንን ጭስ በገዛ እጃችን እያመጣን ነው። ጋዙ ሳይነድ ከቧንቧ ካመለጠ ደግሞ ይብሳል፤ የጋዙ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል።

ጋዙ ከመሬት አይውጣ እያልኩ አይደለም። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከሰል ያነዳሉ፤ እዚያ ቢገባ ልቀት ይቀንሳል። ከጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ናፍጣ ይጠጣሉ፤ እነሱም በጋዙ ቢሄዱ ምንዛሬ ይተርፋል። ከሁሉ በላይ ማዳበሪያ አለ። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ታቅዷል። ዩሪያ ዘግይቶበት የዘር ወቅት ያለፈበት ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ውኃና ነፋስ መብራት ይሰጡናል፤ ዩሪያ ግን አይሰጡንም።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለአንድ የጋዝ ማመንጫ የሚወጣው ገንዘብ የስንት ከተማ ያረጀ መስመርና ትራንስፎርመር ይቀይራል? የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ጠይቃችሁ መልሱን ብታስነብቡን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ