ስለ ፒዛው ፎቶ

ናፖሊ፣ ታኅሣሥ 18

ለእህቴ፣ ለሙሽሪት፤

እንደምን ከርመሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን በዚህ ልለፈው፤ የፒዛውን ፎቶ አይተሽ የላክሽው የድምፅ መልእክት ሆዴን በልቶታል። «እታለም፣ ለእኛ ሲሆን የለም፤ ለፒዛና ለወይን ግን አይጠፋም» ብለሻል። ከኋላሽ አክስታችን «ተመቻት እኮ» ስትል ሰምቻታለሁ። ይሄንንም አንብቢላት።

ገንዘቡ ተልኳል። 400 ዩሮ በስምሽ በባንክ ገብቷል፤ መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ። ለድንኳኑና ለበሬው ቀብድ ይሁን።

ፎቶው ላይ ያየሽው ማዕድ የእኔ አይደለም። የምጦራቸው አሮጊት፣ ሲኞራ የምላቸው እመቤት ቤት ነው። በፈረንጅ ገና ዋዜማ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይሰበሰባሉ። በዚያች ማታ ሥጋ አይበሉም፤ ማዕዱ ሁሉ ከባሕር ነው። የሲኞራ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ዘንድሮ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። የወይን ብርጭቆውን ያስያዘችኝ ትንሿ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ለፎቶ ብላ።

ፖርታ ኖላና የሚባል ገበያ ሄጄ ነው የገዛሁት። ካፒቶኔ የሚሉት እባብ የመሰለ ዓሣ በገንዳ ውስጥ በሕይወቱ ይርመሰመሳል። ሲኞራ እሱንም ግዢ ብለውኝ ነበር፤ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ኮዜ የሚባለውን ጥቁር ዛጎል ግን ጢሙን እየነቀልኩ ፈግፍጌ አጠብኩት። ቮንጎሌ የሚሉትን ደግሞ አሸዋውን እንዲተፋ ጨው ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፊዋለሽ። ከዚያ በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ከድነሽ ስትጥጂው ዛጎሉ እየተንኳኳ ይከፈታል። አልከፈት ያለው ይጣላል።

የፒዛውን ሊጥ በጥቂት እርሾ አቡክቼ አሳደርኩት። እማዬ እንደምታደርገው በጣቴ ጫን አድርጌ ነው ኩፍ ማለቱን ያየሁት። የቤት ምድጃ ቢበዛ 250 ዲግሪ ነው፤ ፒዛ ቤቶቹ በእንጨት እሳት ከ400 በላይ ያደርሱትና በ90 ሰከንድ ያወጡታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊጡን ከነቲማቲሙ ጋገርኩት። ካላማሪና ሽሪምፕ የሚባሉትን የባሕር እንስሳት በስተመጨረሻ ጨመርኩ፤ ቀድሞ ከገባ ይደርቃል፣ አይታኘክም። አይብ የለውም፤ እዚህ አይብን ከባሕር ምግብ ጋር ማድረግ ነውር ነው። የባሕር ዳሩ የጾም ፒዛ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

የሚቀጥለውን ለእማዬ አታንብቢላት። አያታችን ቅርፊት የለውም ብላ የጣናን አምባዛ እንኳ ቤቷ አታስገባም ነበር። የልጅ ልጇ ደግሞ ሽሪምፕ ስትልጥ ዋለች። አልበላሁም፣ ጨው እንኳ ያስቀመስኩት ሲኞራን ነው። ከዚያው ሊጥ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ያለበት ቁራሽ ጋግሬ ኩሽና ውስጥ በላሁ። ወንበር ስለጠበበ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ሲኞራ ትልቁን ልጃቸውን «ብላ እንጂ» እያሉ ሲቆጡት ግን የእማዬ ጉርሻ ታወሰኝና በረንዳ ወጥቼ ቆየሁ።

የእማዬ ግፊት ስንት ነው? «ደህና ናት» አትበይኝ፣ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ጠላ ልጥመቅ እንዳትል። ሌሎቹ ይጥመቁ፣ እሷ ቁጭ ብላ ትዘዝ። ጨውም ቀንሱላት። እኔ እዚህ የሰው እናት መድኃኒት በሰዓቱ እየሰጠሁ፣ የእናቴን በስልክ... ተይው።

ለጥር አልመጣም። ወረቀቴ ገና አልተስተካከለም፤ አሁን ብወጣ መመለሻ የለኝም። መመለስ ካልቻልኩ ደግሞ የእማዬን መድኃኒት ማን ይገዛል? ሳትፈልግ ቀረች ለሚልሽ ሰው ይሄንኑ ንገሪው። ንገሪው ብቻ፣ አትጣይው።

ሙሽራውን በቪዲዮ አየሁት። ዝምተኛ ነው። ደስ ብሎኛል፤ አንቺ ለሁለት ታወሪያለሽ። ቀሚስሽን ስትለኪ ደውይልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። ጥልፉን ከሩቅ ሳይሆን አስጠግተሽ አሳዪኝ።

አንድ የሰፈራችን ልጅ ለጥምቀት ይገባል። ጫማሽን በእሱ እልካለሁ። የእማዬን እግር ደግሞ በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ፤ ማታ ማታ ስለሚያብጥ ማታ ለኪው። ልጁ ቅዳሜ ሻንጣውን ይዘጋል፤ እስከ ዓርብ አድርሺልኝ።

እህትሽ