«ሁለት ሳምንት» ከየት መጣ?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ፕሮስቴት፣ ማለትም ከወንዶች ፊኛ ሥር ስላለው እጢ፣ ማበጥ ያወጣችሁትን ዘገባ ደግሜ አነበብኩት። «መድኃኒት ሁለት ሳምንት ተወስዶ ለውጥ ካልታየ ያለው አማራጭ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው» ይላል። የትኛው መድኃኒት? ስሙን እንኳ አልጠራችሁም።

ቁም ነገሩ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ታምሱሎሲንና መሰሎቹ የፊኛ አንገትና የፕሮስቴት ጡንቻ እንዲላላ ያደርጋሉ። ለውጡ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይታያል። ፊናስቴራይድና ዱታስቴራይድ ሌላ ናቸው። እጢውን የሚያሳድገውን ሆርሞን ቀንሰው ቀስ በቀስ ያሳንሱታል። በአንድ አራተኛ ገደማ ለማሳነስ 6 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። ታዲያ በሁለት ሳምንት ምን እንዲታይ ጠብቃችሁ ነው?

እኔ ይህን ስህተት በገላዬ ከፍዬበታለሁ። ፊናስቴራይድ ሲታዘዝልኝ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የነገረኝ ሰው የለም። ሌሊት ለሽንት አምስት ጊዜ እየተነሳሁ ሦስት ሳምንት ዋጥኩት። ጠብ የሚል ነገር ሳጣ ተውኩት። ከዓመት በኋላ አንድ ሌሊት ሽንቴ ጭራሽ እምቢ አለ። ሆዴ ተወጥሮ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ ልጄ ደግፋ ወሰደችኝ። በቱቦ ነው የወጣልኝ። አባት በልጁ ፊት እንዲያ ሲሆን ምን እንደሚሰማው የዘገባው ጸሐፊ ያውቅ ይሆን?

ያኔ ያገኘኋት ሐኪም ሁለቱን ዓይነት አንድ ላይ አዘዘችልኝ። ቁጭ ብላም አስረዳችኝ። ፊናስቴራይድ ፒኤስኤ የተባለውን፣ የፕሮስቴት ካንሰርን ለመጠርጠር የሚረዳውን የደም ምርመራ ውጤት በግማሽ ገደማ ስለሚያወርድ፣ ለሚመረምረኝ ሁሉ መውሰዴን እንድናገር አስጠነቀቀችኝ። የወሲብ ፍላጎት ሊቀንስ እንደሚችልም አልደበቀችኝም። አሁን ሌሊት አንዴ ብነሳ ነው።

ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም አላልኩም። ሽንቱ በተደጋጋሚ ለሚቋጠርበት፣ ኩላሊቱ ለተጎዳ፣ ፊኛው ውስጥ ጠጠር ለተፈጠረበት ሰው ያስፈልጋል። ግን አማራጩ እሱ ብቻ ነው? በየቀኑ የሚወሰደው ታዳላፊል የተባለ ክኒንስ? ናይትሬት የሚባሉትን የልብ መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ክልክል ነው እንጂ ለብዙዎች ይሠራል። ወደ እጢው የሚሄደውን የደም ሥር በመድፈን የሚሰጠው ሕክምናስ? አንድ መስመር አጣችሁለት?

በክኒን ደህና የምንኖር ሰዎች ብዙ ነን። አፍረን ስለማናወራ የሌለን መሰላችሁ። የእኔ ቢጤ አንድ ሰው ዘገባችሁን አንብቦ ክኒኑን ዛሬ ማታ ሊጥለው ይችላል። እርማቱን ነገ አውጡልን፤ የመድኃኒቶቹን ስም ከነ 6 ወሩ ጻፉት።

በክኒን የሚታከም አንባቢያችሁ