ዘይት የጠጣ አፈር፦ የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ዘይት የፈሰሰበት አፈር ሞቷል ወይ? በመጀመሪያው ስብሰባ አባላቱ በሙሉ «ሞቷል» አሉ። አላረምኳቸውም፤ አፈሩ ራሱ እንዲመልስላቸው ፈለግሁ።

ስድስት ጣሳ አፈር ሞልተን ሁለቱን ንጹሕ ተውን፤ አራቱን ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር አሸን በሁሉም ላይ በቆሎ ዘራን። ዘይት የነካው አፈር ውሃ አልጠጣ አለ፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ላዩ ላይ ይንከባለላል። በቆሎው እንደ ምንም በቀለ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው ቢጫ ሆኑ።

ቢጫው ቅጠል የናይትሮጂን ረሃብ ምልክት ነው። ዘይት በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጂን በመሆኑ ዘይት በል ባክቴሪያዎች ምግብ ይትረፈረፍላቸዋል፤ ገላቸውን ለመገንባት የሚያሻቸው ናይትሮጂን ግን ዘይቱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አፈሩ ያለውን ተሻምተው ይጨርሱታል። በዚያ ላይ አሞኒያን ወደ ናይትሬት ከሚለውጡት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ዘይት አይችሉም። የናይትሬት መለኪያ ወረቀታችን በንጹሑ አፈር እጣቢ ሲቀላ፣ በዘይታሙ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ከአራቱ ዘይታም ጣሳዎች በሁለቱ ላይ ናይትሮጂን ያለበትን ማዳበሪያ፣ ዩሪያን፣ ጨመርን። በአንዱ አብዝተን ኖሮ በማግስቱ ክፍሉን የአሞኒያ ሽታ ሞላው፤ በቆሎውም ጠወለገ። ልኩን ያገኘው ጣሳ ግን አዲስ አረንጓዴ ቅጠል አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ነዳጅ ባፈሰሰችበት የአላስካ ዳርቻ ማዳበሪያ የተረጨውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ዩሪያ ያልነካቸው ሁለቱ ዘይታም ጣሳዎች ናቸው። ስኳርና ማዕድናት ብቻ ባለው፣ ናይትሮጂን በሌለው የአጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ) ሳህን ላይ ከእነሱ የአፈር ቅንጣት በተንን። በአምስተኛው ቀን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ አፈሩ አልቦታል!» ብላ ጠራችኝ። በየቅንጣቱ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ ነገር ወጥቷል፤ ናይትሮጂን በሌለበት ሳህን ያደጉ፣ ከአየር ናይትሮጂን የሚወስዱ ባክቴሪያዎች ይመስላሉ። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጂን ቢሆንም ሁለቱ አቶሞች በሦስት እጥፍ ትስስር ተቆላልፈው ስለሚኖሩ ዕፅዋት አይደርሱበትም። ቁልፉን የሚከፍተው ናይትሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ነው፤ ያም ያለው በባክቴሪያዎችና በዘመዶቻቸው ዘንድ ብቻ ነው። ሆላንዳዊው የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪ ቤየሪንክ እ.ኤ.አ. በ1901 ከአየር ናይትሮጂን የሚወስደውን ባክቴሪያ፣ አዞቶባክተርን፣ የገለጸው በእንዲህ ያለ ናይትሮጂን አልባ ምግብ አሳድጎ ነው። የእኛዎቹን በዓይን አይቶ ስም ማውጣት አይቻልምና አላወጣንላቸውም።

ጣሳዎቹን አልደፋናቸውም። ዘይቱ የተጨመረበት ቀን ተጽፎባቸው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚመጣው ዓመት አባላት መለኪያ ወረቀቱን ከዚያ ይቀጥላሉ።