ከእንጦጦ እስከ አቃቂ አንድ ዝናብ አይዘንብም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ግንቦት ሲጋመስ በየዓመቱ እንደሚሆነው የክረምቱ ትንበያ ወጥቷል፤ እናንተም በሁለት አንቀጽ ዘግባችሁታል። «በአዲስ አበባና አካባቢዋ መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ይላል። ከጎኑ እንደ ወትሮው ጃንጥላ የያዙ ሰዎች ፎቶ አለ። እኛ በከተማዋ ዳርቻ ከሚያርሰውና ከወንዝ ዳር ከሚኖረው ሰው ጋር የምንሠራ የግብርናና የውኃ ባለሙያዎች ነን። ያቺ አንድ መስመር እኛ ዘንድ ስትደርስ ምን ሆና እንደምትነበብ ስለምናውቅ ይህን ጻፍን።

መጀመሪያ «አካባቢዋ» ለሚለው ቃል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ አቃቂ ሜዳው ላይ 2,100 ይጠጋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ስለሚለዋወጥ ልዩነቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ዝናቡም ቢሆን ወደ ተራራው በኩል በርከት፣ ወደ ዱከምና ቢሾፍቱ በኩል ቀነስ ይላል። «የአዲስ አበባ» ተብሎ የሚነገረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ መሀል ላይ ካሉት የቦሌና የኦብዘርቫቶሪ ጣቢያዎች የመጣ ነው፤ ለሱሉልታም ለአቃቂም ልክ አይሆንም። ከፍታ ምን እንደሚሠራ ለማየት ምጽዋንና አስመራን ማሰብ ይበቃል። በአየር መስመር 65 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ አስመራ ላይ ሲዘንብ ምጽዋ በ40 ዲግሪ ግድም ትቃጠላለች፣ ዝናቧን የምታገኘው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ለባሕሩ ዳርቻና ለደጋው አንድ ትንበያ የሚሰጥ ሰው ቢኖር ይሳቅበት ነበር። የእኛው ልዩነት ያን ያህል ባይሰፋም በአንድ መስመር የሚጠቀለል አይደለም።

ይህ ለጎርፍም ይሠራል። ቀበናና ግንፍሌ ከእንጦጦ ተነሥተው ወደ ትልቁ አቃቂ የሚወርዱ ናቸው። ተራራው ላይ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ አቃቂ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊውል ይችላል፤ ውኃው ግን ይመጣል። ስለዚህ የታችኛው ሰው መጠየቅ ያለበት «እዚህ ይዘንባል ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ላይ ዘነበ ወይ?» ብሎ ነው። በዜናችሁ ይህን የሚነግረው አንድም ዓረፍተ ነገር አላገኘንም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው «ከመደበኛ በላይ» የሚለው ሐረግ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ያለፉ 30 ዓመታት (አሁን ማነጻጸሪያው እንደ ፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው) ከደረቁ እስከ ዝናባሙ ይደረደሩና ለሦስት ይከፈላሉ፤ አሥሩ ደረቅ፣ አሥሩ መካከለኛ፣ አሥሩ ዝናባም። ምንም መረጃ ባይኖር ለእያንዳንዱ ክፍል ያለው ዕድል 33 በመቶ ነው። ለምሳሌ ካርታው ላይ 45፣ 35፣ 20 ተብሎ ቢጻፍ፣ 45 ማለት ዘንድሮ ከዝናባሞቹ ወገን የመሆን ዕድሉ ነው። ዝናቡ በ45 በመቶ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ ይህን ስሕተት በየሚዲያው በየዓመቱ እናየዋለን። 20ውም ዝም ብሎ የተቀመጠ ቁጥር አይደለም። እንዲህ ዓይነት ትንበያ ከተሰጠባቸው አምስት ዓመታት በአንዱ ክረምቱ ደረቅ ይሆናል ማለት ነው። ዘሩን በሙሉ አንድ ቀን ለሚዘራ ሰው ከአምስት አንድ ቀላል አይደለም።

ደግሞ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ አራቱ ወር ድምር ነው። ዝናቡ መቼ እንደሚገባ አይነግሩም። «ከመደበኛ በላይ» ሲባል የሰማ ገበሬ ግን «ቶሎ ዝራ» ተብሎ የተነገረው ይመስለዋል። በግንቦት መጨረሻ አንድ ጥሩ ዝናብ ይጥላል፣ ዘሩ ይበቅላል፣ ከዚያ ዝናቡ አሥር ቀን ይቋረጥና ቡቃያው ይጠወልጋል። በሙያው የተለመደው መለኪያ ይህ ነው፦ በተከታታይ ሦስት ቀን ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ከ9 ቀን በላይ የዘለቀ ደረቅ ጊዜ ከሌለ ክረምቱ ገባ ይባላል። ደረቅ ቀን የሚባለው 1 ሚሊ ሜትር ያልሞላበት ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ገበሬው ራሱ ይለካዋል፤ ሁለተኛውን የሚከታተለው ከሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ በሚወጣው ትንበያ ነው። ስለዚህ ከወቅቱ ትንበያ ይልቅ በየአሥር ቀኑ የሚወጣው ለእርሻ ይበልጥ ይጠቅማል። በጋዜጣ ሲወጣ ግን እምብዛም አይታይም።

ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አፉ ክብ የሆነ፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ያለው የቀለም ቆርቆሮና ከፋርማሲ የተገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። የቆርቆሮው አፍ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ 16 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሲሪንጅ ሙሉ ውኃ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፤ 20 ሲሪንጅ ከሞላ 20 ሚሊ ሜትር። ስፋቱ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን በራሱ አባዝቶ እንደገና በ0.785 ማባዛትና ለ10 ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ለ1 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ሚሊ ሊትር ነው። የሚለካው የአፉ ስፋት እንጂ የሆዱ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥልቀቱ ካነሰ ጠብታው እየነጠረ ይወጣል። ቆርቆሮው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ባለ እንጨት ላይ ቀጥ ብሎ ይታሰር፤ ከቤትና ከባሕር ዛፍ የሚኖረው ርቀት የቤቱን ወይም የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይሁን። የሚነበበው ዘወትር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ጣቢያዎቹም የሚያነቡት በዚያው ሰዓት ነው። እስከ ከሰዓት በኋላ ከቆየ ፀሐይ ትቀንሰዋለች። በረዶ ከጣለ ቀልጦ ይለካል እንጂ አይደፋም።

መለካቱ ብቻውን አይበቃም፤ አፈሩም መታየት አለበት። የአቃቂና የዱከም ጥቁር መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ ስለሚቆይ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋል። ላዩ ጭቃ መስሎ 15 ሳንቲ ሜትር ሲቆፈር ደረቅ ነው። እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ አፈሩን በእጅ ጨብጦ የማይፈርስ መሆኑን ሳያዩ መዝራት ዘርን መጣል ነው። አፈሩ አንዴ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ደግሞ ስንጥቁ ይዘጋና ውኃው ላዩ ላይ ይተኛል። በአንድ ማሳ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ መጀመሪያ ጥማት ቀጥሎ መታፈን። በመረሬ ላይ ጤፍ እስከ ሐምሌ የሚቆየው ለዚህ ነው። የአንድ ግራም ጤፍ ፍሬ 3,000 ገደማ ነው፤ የሚዘራውም ከላይ ከላይ ስለሆነ ለደረቅ ሳምንትም ለዶፍም አይችልም።

እንግዲህ «ከመደበኛ በላይ» ለመረሬው ገበሬ ትርጉሙ ማጠንፈፍ ነው። ስንዴ የሚዘራ 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ በሚያወጣው ቢቢኤም በተባለው መሣሪያ ያዘጋጅ፤ ከሌለው በማረሻው ሹሩቤ (በልማድ የሚወጣውን መደብና ቦይ) ያውጣ። ፈሰሱ በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ እያለ ይሂድ። ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከተለቀቀ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል፣ ከጎረቤት ማሳ ላይ ከተለቀቀ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ያስቀርባል። ሽምብራና ጓያ በቀረው እርጥበት ስለሚበቅሉ ከነሐሴ መጨረሻ ወዲያ ናቸው፤ ክረምቱ ከረዘመ እነሱም ይጠብቃሉ። በሱሉልታና በሆለታ በኩል ጭንቀቱ ሌላ ነው፣ ደመናውና ቅዝቃዜው ከረዘመ ድንቹን ምች፣ ስንዴውን ዋግ ይመታዋል።

ኤልኒኞን በተመለከተ አጭር ነገር እንበል። የፓስፊክ ውኃ ሲሞቅ የክረምታችን ዝናብ የመዳከም ዕድሉ ይጨምራል፤ የ2007 ዓ.ም. ክረምት ለዚህ ምስክር ነው። ግን ዕድል ነው፤ «ኤልኒኞ ስላለ አይዘንብም» የሚል ርዕስ «ከመደበኛ በላይ ስለተባለ ቶሎ ዝራ» ከሚለው አይሻልም።

የቀረው የቀን መቁጠሪያው ነው። ትንበያው «ከሰኔ እስከ መስከረም» ሲል የፈረንጆቹን ወር ይዞ ነው፤ በእኛ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ማለት ነው። «የሰኔ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት» የሚለውን አንባቢ ከሰኔ 1 እስከ 10 ብሎ ሲቆጥር ሰባት ቀን ይሳሳታል። በዘር ሰሞን ሰባት ቀን ብዙ ነው። የምንጠይቃችሁ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንድታወጡ፣ ሦስቱን የዕድል ቁጥሮች ሳትቀንሱ እንድታትሙ፣ «አዲስ አበባና አካባቢዋ» የሚለውን ደግሞ ቢያንስ እንጦጦና ሱሉልታ፣ መሀል ከተማ፣ አቃቂና ዱከም ብላችሁ በሦስት እንድትከፍሉ ነው። ቦታ ከጠበበ የጃንጥላው ፎቶ ይቅር።

በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንሠራ የግብርናና የውኃ ባለሙያዎች
አቃቂ