ቢልጫው ጠጠር ይፈልጋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቆቃ ሐይቅ ዓሣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደህና ነው፤ ግን የተወራው ስለ ቆሮሶና የዓሣ ጫጩት ስለ መጨመር ብቻ ነው። ቢልጫውስ? እሾሁን ፈርተን ምግብ ቤት ውስጥ የምንሸሸው፣ ባለ ትልልቅ ቅርፊቱ፣ ከአፉ ዳር አራት ሪዝ መሳይ ነገር የተንጠለጠለበት ዓሣ ማለቴ ነው። የአዋሽ ተወላጅ እሱ ነው፤ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ግን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው።

ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል የቆመ ውኃ አያስቸግራትም። ቢልጫ ግን ሐይቅ ውስጥ ቢያድግም በአብዛኛው ለመራባት ዝናቡ ሲገባ ወንዙን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። የሚፈልገው ጥልቀት የሌለው፣ ፈጠን ብሎ የሚወርድ ንጹሕ ውኃና ጠጠር ነው። እንቁላሉ ጠጠሩ መሃል ይገባል፤ ውኃው በመካከል ሲያልፍ ኦክስጅን ያገኛል። ደለል ከተኛበት ታፍኖ ይቀራል።

የቆቃ ግድብ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የላዩንና የታቹን አዋሽ ለያይቷል። ከላይ የሚመጣው ውኃ የእርሻ አፈር ተሸክሟል፤ ሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይጨምርበታል። ከየወንዙ በገልባጭ የሚዛቀውን አሸዋና ጠጠርማ የአዳማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቤታችንን የሠራነው በሱ ነው።

ጫጩት መጨመር ለፎቶ ይመቻል። በክረምት ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ቦታ መረብ እንዳይዘረጋ ማድረግ ግን ወጪው ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ዘገባችሁ አጥማጆቹን ይህን ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ