ለክፍል የምንመርጠው ፊልም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሳስተምር ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ ዘጋቢ ፊልም አሳየኋቸው። የሚቀልጥ በረዶ፣ የዋልታ ድብ፣ አሳዛኝ ሙዚቃ። ሲያልቅ አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ እኛን ምን ያገባናል?» አለችኝ። ጥያቄዋ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የማሳየው ቅርባችን ያለውን ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ አለቀ። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ጥያቄው ይዘንባል።

ቅርብ ስለሆነ ብቻ ግን አይመረጥም። የሐረማያ ሐይቅን መድረቅ እንውሰድ። ውሃው ለከተማና ለመስኖ፣ በተለይ ለጫት፣ በፓምፕ ሲሳብ ኖሯል። ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበ ደለልም ሞልቶታል። ሁሉንም በአየር ንብረት ለውጥ ብቻ የሚያሳብብ ፊልም ልጆቹን ያሳስታል። እንዲህ ያለውን አላሳይም።

ፊልሙ የተሠራበት ዓመትም መታየት አለበት፤ የድሮ ፊልም አሃዝ ያረጃልና። በ2006 እ.ኤ.አ. አየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 380 እጅ ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል።

ክፍለ ጊዜያችን 40 ደቂቃ ነው፤ ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ፊልም ውይይቱን ይበላዋል። ትምህርት ቢሮዎች በየአካባቢው ቋንቋ የተተረኩ አጫጭር ፊልሞችን መርጠው በፍላሽ ቢያድሉን ኔትወርክ ሳንጠብቅ እናስተምር ነበር። እባካችሁ ይህን ጥያቄ አድርሱልን።

አንድ መምህር